የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክና አሠራር፤ ለእኛስ ምናችን ነው?

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ ከታጁራ ወደብ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ እዚያ ለመድረስ ብዙ ሳምንት ይፈጅበት ነበር። ግመሎቹ የአፋርን በረሃ አቋርጠው እስከ አልዩ አምባ ገበያ ድረስ ይመጣሉ፤ ከዚያ በላይ ያለውን አቀበት ግን ግመል ስለማይደፍረው ጭነቱ በአህያና በበቅሎ ጀርባ ተዛውሮ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ዘንድ ተልኮ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ሻምበል ሀሪስም የተጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ የተነሣ አይሮፕላን ጂቡቲ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይፈጅበትም።

ይህን ማነጻጸሪያ ያስቀደምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አገራችን በተራራና በገደል የታጠረች፣ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህም የባሕር በር የሌላት አገር ናት። እንዲህ ላለች አገር የሰማይ መንገድ ጌጥ ነው ወይስ የግድ የሚያስፈልግ ነገር? የጂኦግራፊ መምህራችን ይህን ጥያቄ ባቀረቡልን ቀን ክፍላችን በሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «አየር መንገዳችን የአገር ኩራት ነው» አለ። ከአንኮበር በኩል የመጣ አንድ ጓደኛችን ግን ተነሥቶ «አባቴ ማዳበሪያና መንገድ እንጂ አይሮፕላን አይፈልግም፤ ተሳፍሮበትም አያውቅም፤ በምኑ ይኩራ?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠው አልነበረም። እኔም ነገሩን መርምሬ በዚህ መጽሔት ላይ ለመጻፍ አሰብሁ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በመጀመሪያ ታሪኩን፣ ቀጥሎ አሠራሩን፣ በመጨረሻም ለጓደኛዬ ጥያቄ የምሰጠውን መልስ በየተራ አቀርባለሁ።

1ኛ/ አይሮፕላን ወደ ኢትዮጵያ እንዴት መጣ?

አይሮፕላን በኢትዮጵያ ዋና ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። አይሮፕላኑ ፖቴዝ የሚባል የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን ነጂውም አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ሳይቆይ፣ በመጋቢት ወር 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ላይ በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ከሰማይ ወረቀትና ቦምብ ተጣለ። ስለዚህ የደጋው ሕዝብ አይሮፕላንን ያወቀው በመጀመሪያ በጦር መሣሪያነቱ ነው ማለት ይቻላል። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አይሮፕላኖች የመርዝ ጢስ በሠራዊታችን ላይ ባዘነቡ ጊዜ ደግሞ ይህ ዕውቀት እጅግ የመረረ ሆነ። በመንዝና በቡልጋ በረሃ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር የተዋጉት አርበኞች የአይሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ቀና ብለው የሚያዩት በመደነቅ ሳይሆን መሸሸጊያ በመፈለግ ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመንም ቢሆን ኢትዮጵያውያን ይህን ጥበብ ለመማር አልሰነፉም። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በ1923 ዓ.ም. ገደማ አብራሪዎች ለመሆን በቁ። ከሴቶችም ወይዘሮ ሙሉመቤት እምሩ ከጦርነቱ በፊት በረራ ተምረዋል። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ሉድቪግ ቬበር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠራ፤ ስሟም በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለ። ይህች አይሮፕላን በኢጣልያኖች ተዘርፋ ብዙ አሥርተ ዓመታት በሮማ አቅራቢያ በሚገኝ ቤተ መዘክር ከኖረች በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመልሳለች።

2ኛ/ የአየር መንገዱ አመሠራረት

አገራችን ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ትልቁ ችግር ክፍሎቿን ማገናኘት ነበር። መንገዱ በጦርነት ተበላሽቷል፤ ድልድዩ ፈርሷል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ብዙው አውራጃ ከዋናው ከተማ ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። ስለዚህ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በኋላ ትራንስ ወርልድ ኤርላይንስ፣ በአጭሩም ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ውል ተዋዋለ። አየር መንገዱም ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። አሜሪካኖቹ አብራሪዎችን፣ መካኒኮችንና የሒሳብ ሠራተኞችን እንዲያመጡ፣ ንብረቱና ስሙ ግን የኢትዮጵያ እንዲሆን ተወሰነ።

የመጀመሪያው መደበኛ በረራ የተደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። አይሮፕላኖቹ ከ2ኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ፣ በተለምዶ ዳኮታ እየተባሉ የሚጠሩ 5 የጦር ማመላለሻዎች ነበሩ። የዛሬው መንገደኛ የለመደው ዓይነት ወንበር አልነበራቸውም፤ መንገደኛው እንደ ወታደር በሁለቱ ግድግዳዎች በኩል ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል፤ ዕቃው በመካከል ይከመራል። ማረፊያውም ዛሬ የምናውቀው ቦሌ ሳይሆን የልደታ ሜዳ ነበር። በአገር ውስጥም መኪና በማይደርስበት ስፍራ አይሮፕላኑ በሣር ሜዳ ላይ እያረፈ ሰውና ጭነት ያመላልስ ነበር።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ አየር መንገዱ ደረጃ በደረጃ አደገ። በ1943 ዓ.ም. ኮንቬየር የሚባሉ አይሮፕላኖች ሥራ ጀመሩ። በ1950 ዓ.ም. ዲ ሲ-6 በሚባሉት ትልልቅ አይሮፕላኖች ወደ ፍራንክፈርት መብረር ተጀመረ። ጥቅምት 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በካርቱም በኩል ወደ ሌጎስ፣ ወደ አክራና ወደ ሞንሮቪያ የሚሄደው መሥመር ተከፈተ። ይህ ነገር በጊዜው ቀላል አልነበረም። ከምሥራቅ አፍሪቃ ወደ ምዕራብ አፍሪቃ መሄድ የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ በአውሮፓ ዞሮ መሄድ ነበረበት፤ የቅኝ ገዢዎቹ መንገድ ሁሉ ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ ያመራ ነበርና። አፍሪቃን ከአፍሪቃ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ስለ አንድነት ከሚደረገው ንግግር ሁሉ የማይተናነስ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1955 ዓ.ም. በጄት የሚሄዱት ቦይንግ 720 አይሮፕላኖች መጡ። የልደታ ሜዳ ለነዚህ ስለማይበቃ የቦሌ ማረፊያ ተሠራ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ አየር መንገዱ ወደ ቻይና በመብረር ከአፍሪቃ አየር መንገዶች የመጀመሪያው ሆነ።

3ኛ/ ተማሪው አስተማሪውን ሲተካ

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ለተማሪዎች ትልቁ ትምህርት ያለው በዚህ ክፍል ነው። አገር አይሮፕላን በገንዘብ ይገዛል፤ የውጭ አገር ባለሙያም በገንዘብ ይቀጥራል። ነገር ግን ዘወትር እየቀጠሩ መኖር ዘወትር እጅን ለሰው መስጠት ነው። ይህ ታውቆ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ከቲ ደብሊው ኤ ጋር በታደሰው ውል ውስጥ የመጨረሻው ዓላማ ሥራው በሙሉ በኢትዮጵያውያን እንዲያዝ መሆኑ ተጻፈ። በ1957፣ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመንገደኞች አይሮፕላን በአዛዥነት በማብረር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ቲ ደብሊው ኤ በመጀመሪያ ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ዝቅ አለ፤ በ1967 ዓ.ም. ገደማ ከናካቴው ለቀቀ። ከምሥረታው እስከዚያ ድረስ 30 ዓመት ያህል መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የአብዮት ዘመን ነበር። ብዙ ድርጅቶች በፖለቲካ ሹመት ሲዳከሙ፣ አየር መንገዱም በኪሳራ ላይ ወደቀ። በ1972 ዓ.ም. ካፒቴን መሐመድ አሕመድ ኃላፊነቱን ሲረከቡ ድርጅቱ በንግድ ሕግ እንዲመራ አደረጉ። መንግሥቱ የሶቪየት ኅብረት ወዳጅ ሳለ አየር መንገዱ ለሥራው የሚስማማውን የአሜሪካ አይሮፕላን መግዛቱን አላቋረጠም። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ያለ ማረፍ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ለሁለት ሞተር አይሮፕላን በጊዜው ታላቅ የርቀት ክብረ ወሰን ሆኖ ነበር። በዚያው ዘመን የአየር መንገዱ ሠራተኞች ለእርሻ መድኃኒት መርጫ የሚሆን ትንሽ አይሮፕላን በአዲስ አበባ ገጣጥመው «እሸት» ብለው ሰየሙት።

አሁን ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። በ1994 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ የቤልጅግ ሳቤና፣ የስዊስ ስዊስኤርና የ10 የሚበልጡ አገሮች የጋራ ሀብት የነበረው ኤር አፍሪክ ሥራቸውን አቆሙ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር፣ የኛን አየር መንገድ ከሕፃንነቱ ያሳደገው ቲ ደብሊው ኤ የመጨረሻውን በረራ አድርጎ በሌላ ኩባንያ ተዋጠ። አስተማሪው ከዓለም ሲጠፋ ተማሪው ቀረ። ሀብታም አገር ውስጥ መወለድ ብቻ ለድርጅት ዕድሜ እንደማይሰጥ ከዚህ ይታወቃል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን እድገት በአጭሩ ለመጥቀስ፣ አየር መንገዱ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ በተባለው የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር ገባ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ቦይንግ 787ን፣ በ2008 ዓ.ም. ኤርባስ ኤ350ን ከአፍሪቃ ቀድሞ ተቀበለ። በ2016 በጀት ዓመት ያጓጓዛቸው መንገደኞች ከ17 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ከ130 በላይ ወደሆኑ የውጭ አገር ከተማዎችም ይበርራል።

4ኛ/ ሥራው እንዴት ይካሄዳል?

ሀ/ መናኸሪያው። ከአንኮበር ወደ መሐል ሜዳ መሄድ የሚፈልግ ሰው ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወርዶ ሌላ መኪና ይይዛል፤ ከአንኮበር በቀጥታ የሚሄድ መኪና ቢመደብ ባዶውን ስለሚጓዝ ነው። አየር መንገዱም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። በሒሳብ እንመልከተው። 10 ከተማዎችን እያንዳንዳቸውን በቀጥታ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ለማገናኘት 45 መሥመር ያስፈልጋል። (10 በ9 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል ማለት ነው።) በመካከላቸው አንድ መናኸሪያ ቢኖር ግን 10 መሥመር ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከአሜሪካ የሚመጡት አይሮፕላኖች ጧት ጧት ቦሌ ይሰበሰባሉ፤ መንገደኞቻቸውም ወደ አፍሪቃ ከተማዎች በሚሄዱት ይሳፈራሉ። ማታ ደግሞ ከአፍሪቃ የተመለሱት የያዙትን መንገደኛ ሌሊቱን ወደ ሩቅ አገር ለሚሄዱት ያስረክባሉ። አንዱ ቢዘገይ ሌላው ይታወካል፤ ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ ደቂቃ እንደ ገንዘብ ይቆጠራል። ከብራዚል ወደ ቻይና የሚሄድ ሰው በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፈው ኢትዮጵያ ጉዳይ ኖሮት ሳይሆን አገራችን በመካከል ላይ ስለምትገኝ ነው። ያለንበትን ስፍራ ወደ ሀብት መለወጥ ማለት እንዲህ ነው።

ለ/ ስስ አየር። ከአልዩ አምባ ተነሥቶ ወደ አንኮበር በእግሩ የወጣ ሰው እንዴት እንደሚያለከልክ እናውቃለን። ምክንያቱ አቀበቱ ብቻ አይደለም፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ጋር ሲነጻጸር በቦሌ ከፍታ፣ ማለትም ከ2300 ሜትር በላይ፣ ያለው አየር ክብደቱ 4/5ኛ ያህል ነው። በኛ በደብረ ብርሃን፣ ከ2800 ሜትር በላይ፣ 3/4ኛ ያህል ይሆናል። አይሮፕላን ክንፉን የሚደግፈው አየር ነው፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ በቂ ድጋፍ የሚያገኘው ይበልጥ ሲፈጥን ነው፤ ለመፍጠን ደግሞ ረዥም ማኰብኰቢያ ይሻል። ስለዚህ የቦሌ ረዥሙ ማኰብኰቢያ 3800 ሜትር ያህል ነው። እንደዚያም ሆኖ በጣም የከበደ አይሮፕላን ከዚያ መነሣት ይቸግረዋል። ለብዙ ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አይሮፕላን ነዳጅ ቀንሶ ተነሥቶ በሮማ ወይም በደብሊን ወይም በሎሜ በኩል ሲሄድ፣ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ በአንድ ጊዜ ይመጣ የነበረው ስለዚህ ነው። ፊዚክስ በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ነገር እንዳይመስለን!

ሐ/ ጥገናው። አይሮፕላን እንደ ጭነት መኪና እስኪበላሽ አይጠበቅም። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ይመረመራል፤ የተወሰነ ሰዓት ከበረረ በኋላ እንደገና በጥልቀት ይታያል፤ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ወንበሩና ወለሉ ሳይቀር ተነሥቶ ብረቱ ተሰነጣጥቆ እንደሆን በመሣሪያ ይፈተሻል። ሥራውን የሠራው መካኒክ በፊርማው ያረጋግጣል። ያ ፊርማ ቀላል ነገር አይደለም፤ የማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ነፍሳቸውን አደራ የሚሰጡት በዚያ ፊርማ ላይ ነው። በቦሌ ያለው የጥገና ክፍል የኛን ብቻ ሳይሆን የሌሎች የአፍሪቃ አገሮችን አይሮፕላኖችም ይጠግናል። አብራሪዎቹም ቢሆኑ አንድ ጊዜ ተመርቀው አይቀሩም፤ ሞተር ቢጠፋ፣ እሳት ቢነሣ ምን እንደሚያደርጉ ሲሙሌተር በሚባለው የመለማመጃ መሣሪያ ውስጥ እየገቡ በየጊዜው ይፈተናሉ። በ1950ዎቹ የተስፋፋው የአየር መንገዱ ትምህርት ቤት ዛሬ የአቪየሽን ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ከሌሎች አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችም ይማሩበታል።

መ/ ጭነቱ። በዝዋይና በሆለታ አካባቢ የተቆረጠ ጽጌረዳ ሳይጠወልግ አውሮፓ ካልደረሰ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በቀዝቃዛ መጋዘን ቆይቶ ሌሊቱን ይጫናል። የኮሮና በሽታ በ2012 ዓ.ም. ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ ብዙ አየር መንገዶች አይሮፕላኖቻቸውን አቁመው ከመንግሥታቸው እርዳታ ጠየቁ። የኛው ግን ከ25 ገደማ የመንገደኞች አይሮፕላኖች ላይ ወንበሮቹን ነቅሎ ጭነት ማመላለስ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ከቻይና የተለገሰው የሕክምና ቁሳቁስ ለአፍሪቃ አገሮች የተከፋፈለው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ነው። ድርጅቱም ያንን ዓመት ሠራተኛውን ሳይበትን አለፈው።

5ኛ/ ስለ አደጋ

ስለ አየር መንገድ ጽፎ ስለ አደጋ ዝም ማለት አንባቢን መሸንገል ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠላፊዎች አንድ ቦይንግ 767ን አስገድደው ነዳጁ እስኪያልቅ አስኬዱት። ካፒቴን ልዑል አባተ ያለ ሞተር ኃይል በኮሞሮስ ደሴት አጠገብ በባሕር ላይ አሳረፉት፤ ከ175ቱ ሰዎች 50ዎቹ ተረፉ፤ የቀሩት ሞቱ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የደረሰው ደግሞ ሁላችንም የምናስታውሰው ነው። ወደ ናይሮቢ የሚሄደው ቦይንግ 737 ማክስ ከቦሌ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በፊት 5 ወር ያህል ቀደም ብሎ ያው ዓይነት አይሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ ነበር። ምክንያቱ ሲመረመር፣ በአይሮፕላኑ ውስጥ የተጨመረ አንድ የኮምፒውተር ሥርዓት ከአንድ መለኪያ መሣሪያ ብቻ የተሳሳተ ምልክት እየተቀበለ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ይደፍቅ እንደነበረ ታወቀ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጣታቸውን ወደ አፍሪቃውያን አብራሪዎች የቀሰሩ ሰዎች ነበሩ። በኋላ ግን ዓለም በሙሉ ያንን ዓይነት አይሮፕላን ከሰማይ አወረደ፤ ቦይንግም በ2013 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተስማማው መሠረት ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተገደደ። የሞቱትን ግን የሚመልስ ገንዘብ የለም። ከዚህ የምንማረው፣ በትልቅ ስምና በሩቅ አገር ዕውቀት ላይ ዓይንን ጨፍኖ መደገፍ እንደማይገባ ነው። ጠይቆ የሚረዳ፣ መርምሮ የሚከራከር የራሳችን ባለሙያ ያስፈልገናል።

6ኛ/ ለጓደኛዬ ጥያቄ የምሰጠው መልስ

ጓደኛዬ «አባቴ በምኑ ይኩራ?» ያለው እውነት አለበት። የአይሮፕላን ቲኬት ዋጋ ለገበሬ የሚቀመስ አይደለም። ማረፊያ በተስፋፋ ቁጥር ከመሬቱ የሚነሣ ገበሬ አለ፤ በቢሾፍቱ አቅራቢያ የታሰበው ታላቅ ማረፊያም እንዲሁ ገበሬዎችን የሚያስነሣ ነው፤ ካሣቸው በሚገባ ካልተከፈለ ኩራቱ በነሱ ትከሻ ላይ የተሠራ ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቤት ሠራተኛነት ወደ ቤይሩት ስትሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦሌን አየች። በኛ አገር ብዙ ሴት ልጅ አይሮፕላን የምትሳፈረው በስደት ነው። ስለዚህ የአይሮፕላን ብዛት ብቻውን የሕዝብ ደስታ ምልክት ነው ብዬ አልከራከርም።

ነገር ግን ሌላውንም ወገን መዘንጋት አይገባም። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከ20 ዓመት በኋላ የመጀመሪያው አይሮፕላን አሥመራ ሲያርፍ ወላጅና ልጅ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ዓለም አይቷል። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በጦርነቱ ተቋርጦ የነበረው የመቀሌ በረራ ሲጀመርም እንዲሁ ሆኗል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ከማንም ይልቅ እናውቃለን። በዚያን ጊዜ የሰማይ መንገድ ጌጥ አይደለም፤ እስትንፋስ ነው። ከውጭ የሚገኘው ምንዛሪም ቢሆን መድኃኒቱንና ያንኑ ጓደኛዬ ያነሣውን ማዳበሪያ ለመግዛት ይጠቅማል።

ከሁሉ ይልቅ ግን መልሴ ይህ ነው። የጓደኛዬ አባት አይሮፕላን መሳፈር ባይችሉ፣ ልጃቸው መጠገን ይችላል። አየር መንገዱን ለ80 ዓመት ያህል ያቆመው ብረቱ አይደለም፤ ብረቱማ ከሲያትልና ከቱሉዝ የተገዛ ነው። ያቆመው ተምሮ የተካው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ከባላባት ወይም ከሀብታም ቤት ብቻ አይመጣም፤ ሞተር የማን ዘመድ እንደሆንህ አይጠይቅም፤ ብሎኑን በልኩ አጥብቀህ እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ ያውቃል።

እኔ ሴት ልጅ ነኝ። ከ12ኛ ክፍል በኋላ የአይሮፕላን ጥገና ለመማር ማሰቤን በቤታችን ስናገር አባዬ «ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርሁሽ ብረት ልትፈቺ ነው?» አለ። እማዬ ደግሞ 2011 ዓ.ም.ን አስታውሳ አለቀሰች። ለአባዬ የመለስሁለት እንዲህ ብዬ ነው፤ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ነው፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአብራሪዋ ጀምሮ ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበት አይሮፕላን ወደ ባንኮክ በርሯል፤ እኔ ብረት ብፈታ የመጀመሪያዋ አልሆንም፤ የመጨረሻዋም አልሆንም። ለእማዬ ግን ክርክር አልበቃኝም። «እማዬ፣ አደጋ እንዳይደርስ የምትፈሪ ከሆነ፣ አይሮፕላኑን ከመነሣቱ በፊት በባትሪ የሚመረምረው ሰው ልጅሽ ብትሆን አይሻልም?» አልኋት። ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያስ ፊርማሽን ስታኖሪ እኔ ውስጡ የተቀመጥሁ ይምሰልሽ» አለችኝ። ይህን ከመጽሐፍ ካነበብሁት ሁሉ አብልጬ ይዤዋለሁ።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶቻችን። አየር መንገዳችንን «የኛ ነው» ብሎ ማጨብጨብ ቀላል ነው። የኛ የሚሆነው ግን ከኛ መካከል ሒሳቡን፣ ፊዚክሱንና ቋንቋውን በሚገባ ተምሮ ኃላፊነቱን የሚረከብ ሲገኝ ነው። መምህሮቻችን ስለ አየር ግፊት ሲያስረዱን ደብተራችንን ገልጠን እንከታተል፤ ወላጆቻችንም ወንድ ሴት ሳይሉ ልጆቻቸውን ያበርቱ። ለጓደኛዬም፦ የጂኦግራፊ ክርክራችን እዚህ ላይ አያበቃም፤ መልሴ ካላጠገበህ በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ አንተ ደግሞ በተራህ ስለ ማዳበሪያውና ስለ መንገዱ ጻፍልን፤ አነብልሃለሁ።